ለአደጋ ቀን የሚሆን የወረዳ ካርታ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው የመሬት ናዳ ከ220 በላይ ሰው ገድሏል። ለአደጋ ዝግጅት ለሚሠራ ሰው ከቁጥሩ ባልተናነሰ የሚያሳስበው የአሟሟቱ ቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያው ናዳ ቤቶችን ቀበረ። የቀበሌው አመራር፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ከጎረቤቱ ጋር ሆነው የተቀበሩትን ለማውጣት ሲረባረቡ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ለእርዳታ የሄዱ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ቀን በየትኛው ቤት ስንት ነፍስ እንዳለ፣ የአልጋ ቁራኛው የት እንደተኛ፣ ክረምት ላይ ሰውን በቃሬዛ የሚያሳልፈው የእግር መንገድ የቱ እንደሆነ በቃሉ የሚያውቀው ሰው ራሱ ከተጎጂዎቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። ከጎረቤት ወረዳ፣ ከዞንና ከክልል የሚደርሰው ረዳት ደግሞ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም።

ይህ መመሪያ የሚቆመው በዚህ እውነት ላይ ነው። የአደጋ ካርታ ተጠቃሚው አገሩን የማያውቀው እንግዳ ሲሆን ሠሪው ደግሞ አገሩን የሚያውቀው ነዋሪ ነው፤ የሚሠራውም አደጋው ከመድረሱ በፊት ነው። ሳተላይቱ፣ ስልኩና ኮምፒውተሩ ከነዋሪው ጭንቅላት ወደ እንግዳው እጅ እውቀት የሚያሻግሩ መሣሪያዎች ናቸው። እርስዎ የወረዳ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ባለሙያ፣ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ፣ የእድር ዳኛ ወይም የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ በካርታው ላይ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር የሚለውን ጥያቄ ሁሉ በዚህ ሚዛን ይመዝኑት፤ አካባቢውን ረግጦት የማያውቅ ሰው በሌሊት፣ በዝናብ፣ ያለ ኔትወርክ ይህን ይዞ ሥራውን መሥራት ይችላል?

የሄይቲ ተሞክሮ ሁለቱንም ወገን ያሳያል። በጥር 2010 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጡ ፖርቶፕሪንስን ሲያፈርስ ከተማዋ ለነፍስ አድን ሠራተኛ የሚሆን ዝርዝር ካርታ አልነበራትም። በየአገሩ የተቀመጡ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ምስል እያዩ ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው ነፃ የዓለም ካርታ ላይ መንገዶቿን በጥቂት ቀናት ሣሉት፤ ረዳቶቹም በጂፒኤስ መሣሪያቸው ላይ ጭነው ተጠቀሙበት። በዚያው ዓመት ለዚሁ ዓላማ የተቋቋመው የሰብአዊ ኦፕንስትሪትማፕ ቡድን ግን ባለሙያዎቹን ወደ ሄይቲ ልኮ ነዋሪዎችን ማሠልጠን ነበረበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሰማይ የሚታየው መስመርና ጣራ ነው። የሰፈሩ ስም፣ ጤና ጣቢያው ሐኪም ይኑረው አይኑረው፣ ድልድዩ መኪና ይቻል አይቻል ከመሬት ካልሆነ አይገኝም። እርስዎም ጉልበትዎን ማፍሰስ ያለብዎት ሳተላይት የማያየው ላይ ነው።

ሥራውን አደጋውን በመምረጥ ይጀምሩ። ወረዳውን በሙሉ፣ ለሁሉም ዓይነት አደጋ በአንድ ጊዜ ልሣል ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጨርሰው ለምንም የማይሆን ጌጥ ነው። እያንዳንዱ አደጋ የራሱ ጥያቄ አለው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ውኃው የመጣው ከተማዋ ላይ ከዘነበው ዝናብ ይልቅ ከላይኛው ተፋሰስ ነው። ስለዚህ የጎርፍ ካርታ ከከተማው ክልል ወጥቶ ወንዙ እስከሚነሳበት ደጋ መዝለቅ አለበት፤ ከላይ ሆኖ ለታች የሚደውለው ሰው ማን እንደሆነም መያዝ አለበት። የገበያ ቃጠሎ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበት የመንገድ ስፋት፣ የውኃ መሙያው ቦታ፣ መብራት የሚቋረጥበት ትራንስፎርመር። ናዳ ደግሞ ከተዳፋቱ ሥር ያሉትን ቤቶችና ረዳቱ ቆሞ የሚጠብቅበትን ደህና መሬት ይጠይቃል። አደጋ ሲባል ወንዝና ገደል ብቻ እንዳይታይዎት፤ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ ከ110 በላይ ሰው የቀበረው የቆሻሻ ክምር ነው። ከሁለት የማይበልጡ አደጋዎችን ይምረጡ፤ ለእያንዳንዳቸውም በአደጋው ቀን የሚወሰኑትን ሦስት ወይም አራት ውሳኔዎች በአንድ ወረቀት ይጻፉ። ካርታው የሚያስፈልገው ለእነዚያ ውሳኔዎች ነው።

ቀጥሎ ያለውን ይሰብስቡ። ብዙ ወረዳዎች ሳያውቁት ጥሩ መነሻ አላቸው። ሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ በተሰጠባቸው አካባቢዎች የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ የማሳና የመንገድ መስመሮችን በዲጂታል ይዟል፤ ካርታ ማንበብ የሚችል ሠራተኛም አለው። የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ያዘጋጃቸው የ1 ለ50,000 ካርታዎች ዛሬም ለወንዝና ለተራራ አቀማመጥ ይጠቅማሉ። ኦፕንስትሪትማፕን ከፍተው ወረዳዎ ምን ያህል እንደተሣለ ይመልከቱ፤ ባዶ ከሆነ አይደንግጡ፣ በሳተላይት ምስሉ ላይ መንገድና ጣራ መሣል አንድ ወጣት በአንድ ከሰዓት የሚለምደው ሥራ ነው። ጉግል ከሳተላይት ምስል በኮምፒውተር ለይቶ በነፃ ያወጣው የአፍሪካ ሕንፃዎች መረጃም አለ። ጊዜ ይቆጥባል፤ ግን ቋጥኝን ቤት ብሎ ሊቆጥር፣ የሣር ክዳን ቤትን ደግሞ ሊስት ስለሚችል ያለ ማጣራት አይመኑት። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያነጥፈው ኪውጂአይኤስ የተባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ በመካከለኛ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ገንዘብ የለንም የሚለው ምክንያት ትልቁን ቦታ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ አይገዛም፣ ስልኮቹ በወጣቶቹ ኪስ አሉ፤ የሚያስፈልገው የሠራተኛ ጊዜ፣ የአበልና የኅትመት ወጪ ነው።

እዚህ ደረጃ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ ሰፋ አድርጌ ልግለጸው፤ ሰው ሊያስገድል ይችላልና። የአገራችን የቆዩ ካርታዎችና ብዙ የመሬት መረጃዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የመለኪያ መሠረት ነው። የስልክዎ ጂፒኤስ ደግሞ የሚጠቀመው ደብልዩጂኤስ 84 የተባለውን ነው። ሁለቱን ሳያስታርቁ በአንድ ካርታ ላይ ካነጠፉ አንዱ ከሌላው 200 ሜትር ያህል ይሸሻል። በሜዳ ላይ 200 ሜትር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በገደል አፋፍና በወንዝ ዳር ግን ቤቱ ከወንዙ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ የሚለውን የሚወስን ርቀት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የተቀበሉት ፋይል በየትኛው መሠረት እንደተሠራ የሰጠዎትን ሰው ይጠይቁ፣ በኪውጂአይኤስ ወደ አንዱ ይለውጡ፣ ከዚያም በአካል የሚያውቁትን አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤቱን በር ወይም የድልድዩን ጫፍ፣ በስልክ ለክተው በካርታው ላይ ከሚታየው ጋር ያመሳክሩ። ሌላው የተለመደ ስህተት የሁለቱን ቁጥሮች ቦታ ማለዋወጥ ነው። በኢትዮጵያ የሰሜን ኬክሮስ ቁጥር ከ3 እስከ 15፣ የምሥራቅ ኬንትሮስ ቁጥር ከ33 እስከ 48 ባለው ውስጥ ይወድቃል። አዲስ አበባን 9 እና 38 በማለት ፈንታ 38 እና 9 ብሎ የጻፈ ሰው ረዳቱን የሚልከው ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ነው። ስለዚህ በወረዳው የሚሠራ ሰው ሁሉ ትንሹን ቁጥር አስቀድሞ እንዲናገርና እንዲጽፍ አንድ ደንብ ያውጡ፤ በስልክ ሲነገርም ተቀባዩ መልሶ ያንብበው።

መነሻው ካርታ ሲዘጋጅ በትልቅ ወረቀት ያትሙትና ሰው ያለበት ቦታ ይውሰዱት። ሽማግሌዎቹን ውኃው በስንት ዓመተ ምሕረት እስከየት እንደደረሰ፣ የትኛው ኮረብታ ከዚህ በፊት እንደተናደ፣ ሰው ጥሎት የወጣው መንደር የት እንደነበር ይጠይቁ። በሽማግሌዎች ብቻ ግን አይወሰኑ። ውኃ የምትቀዳው ሴት የምንጩን መንገድና የትኛው ምንጭ በቅርቡ እንደደፈረሰ ታውቃለች። እረኛው በተዳፋቱ ላይ አዲስ የተሰነጠቀውን መሬት ከማንም በፊት ያየዋል። ባጃጅ ነጂውም ከየትኛው ቀን ጀምሮ የትኛው መንገድ በጭቃ እንደሚዘጋ ይነግርዎታል። የቦታ ስሞችን በተለይ አይናቁ። አንድ ሰፈር በመንግሥት መዝገብ ሌላ፣ በሰው አፍ ሌላ ስም ካለው ሁለቱንም ይመዝግቡ፤ በድንጋጤ ስልክ የሚደውል ሰው የሚጠራው የለመደውን ስም ነው። ቋንቋው ከአማርኛ ውጭ በሆነ ቀበሌ ስሙ በአካባቢው ቋንቋ አነባበብ ይጻፍ፤ አንዱ ፊደል ሲቀየር ቦታው ይጠፋል።

ከዚያ በእግር ይወጣሉ። ጂፒኤስ ኢንተርኔትም የስልክ ካርድም አይፈልግም፤ ምልክቱን በቀጥታ ከሳተላይት ይቀበላል። ኔትወርክ የለንምና ይህ ለእኛ አይሆንም የሚለው ተቃውሞ የሚነሳው ይህን ካለማወቅ ነው። ኦስማንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ የተባሉትን መተግበሪያዎች ከተማ ላይ ጭነው፣ የአካባቢውን ካርታ አውርደው ቢወጡ ያለ አንዳች መስመር ይሠራሉ። መረጃ ለመሰብሰብ ኮቦ የተባለው የቅጽ መተግበሪያ ይመቻል፤ በሜዳ የተሞላውን በስልኩ ይዞ መስመር ሲገኝ ይልከዋል። ቅጹ አጭር ይሁን። የቦታው ስም፣ ምን እንደሆነ፣ በክረምት ይሠራል ወይስ አይሠራም፣ ምን ዓይነት መኪና ይደርሳል፣ አንድ ፎቶ፤ ይበቃል። ሠላሳ ጥያቄ ያለው ቅጽ ከሦስተኛው ቤት በኋላ በግምት መሞላት ይጀምራል። ሰማዩ በተገለጠበት ቦታ የስልክ ጂፒኤስ በአምስት ሜትር አካባቢ ይስታል፤ በሸለቆና በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ግን ስህተቱ ይሰፋል፤ ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ጥቂት ይቁሙ። መንገዶችን አንዴ በበጋ፣ አንዴ በክረምት ቢሄዱባቸው መልካም ነው፤ ካልተቻለ በክረምት ይሂዱ፤ ጎርፉም ናዳውም የሚመጡት ያን ጊዜ ነውና።

የስጋት ክልሉን ሲያሠምሩ ድፍረትዎን ይቆጥቡ። በነፃ የሚገኘው የመሬት ከፍታ መረጃ በ30 ሜትር ልክ የተከፋፈለ ነው፤ ትልቁን ተዳፋት ያሳያል፣ ከቤት ጀርባ ያለውን ገደል ግን ሊሰውረው ይችላል። ሴንቲኔል 2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ምስል በነፃ ቢገኝም በክረምት ደመና ይጋርደዋል። ደመናን አልፎ የሚያየው የሴንቲኔል 1 ራዳር ሲሆን ውኃ የተኛበትን ሰፊ ሜዳ ለመለየት ጥሩ ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ካርታ የውሸት መተማመን ይፈጥራል ይላሉ፤ ከመስመሩ ውጭ የወደቀ ነዋሪ ደህና ነኝ ብሎ ይተኛል ማለታቸው ነው። ስጋታቸው ትክክል ነው። መልሱ ካርታውን መተው ሳይሆን መስመሩ ከምን እንደመጣ በላዩ መጻፍ ነው፦ የ1998 ጎርፍ የደረሰበት፣ በሽማግሌዎች ምስክርነት፤ በባለሙያ ያልተጠና። ከታወቀው ወሰን ወጣ አድርጎ ጥርጣሬውን በፈዛዛ ቀለም ማሳየትም ይቻላል። በናዳ ስጋት አካባቢ የተሰነጠቀ መሬት፣ ያዘነበለ ዛፍና አጥር፣ በድንገት የፈለቀ ወይም የደፈረሰ ምንጭ፣ በድንገት መዝጋት እምቢ ያለ በር የታየበትን ቦታ ሁሉ በነጥብ ያስቀምጡ፤ ነጥቦቹ ሲደራረቡ የጂኦሎጂ ባለሙያ የሚጠራበት ማስረጃ ያገኛሉ። በጎፋ የታየው ሁለተኛ ናዳ ደግሞ እያንዳንዱ የናዳ ካርታ ሊይዘው የሚገባ ነገር አስተምሯል። ረዳቱ የሚሰበሰብበት፣ ከተዳፋቱ መውረጃ ውጭ የሆነ ቦታ፤ ከዚያ ወደ ናዳው በአንድ ጊዜ በቁጥር የሚገባበት መንገድ፤ ላይኛውን ተዳፋት እያየ በፊሽካ ወይም በጥሩምባ የሚያስጠነቅቀው ሰው የሚቆምበት ነጥብ። ሦስቱ ቦታዎች አስቀድመው ካልተመረጡ በጩኸትና በለቅሶ መካከል የሚመርጣቸው አይኖርም፤ ወንድሙ አፈር ውስጥ ያለን ሰው ቆይ ማለት የሚቻለውም አስቀድሞ በተስማሙበት ደንብ ብቻ ነው።

ስለ ሰዎች መረጃ ጥብቅ ይሁኑ። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ የሚጻፈው ዓለም ሁሉ የሚያየው ነው። እዚያ መንገድ፣ ድልድይ፣ ጤና ኬላ፣ ትምህርት ቤት፣ የውኃ ነጥብና የቦታ ስም ይግባ። የአካል ጉዳተኛ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር የት ቤት እንዳሉ ግን እዚያ አይጻፍም። ይህ መረጃ የሚቀመጥበት ቦታ አስቀድሞም አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቤት ቁጥር ለይታ የያዘችው የቤተሰብ ማህደር። እርስዎ የሚያደርጉት በወረቀቱ ካርታ ላይ የቤት ቁጥሮቹን ብቻ ማስፈር፣ ስሙንና ሁኔታውን በእሷና በአንድ ተጠባባቂ እጅ በታሸገ ፖስታ ማቆየት ነው። የእህል መጋዘንና የእርዳታ ክምችት ያለበትም ቦታ ግጭት ባለበት አካባቢ ለአደባባይ አይወጣም። ድሮን ካሰቡ ያለ ፈቃድ አይሞክሩት። ከሁሉ የከበደው ጥያቄ የወሰን ነው። ካርታ ሊሣል ነው ሲባል የሚነሳው ፍርሃት፣ በዚህ ሰበብ መሬታችን ወደ ማዶው ቀበሌ ሊገባ ነው የሚለው፣ ባዶ ፍርሃት አይደለም፤ ሰው የሞተበት ጉዳይ ነው። ለአደጋ ካርታ ግን የአስተዳደር ወሰን መስመር አያስፈልገውም። ውኃው የቀበሌ ወሰን አይቶ አይቆምም፤ ጎርፍ የሚሸሽ ሰውም ቅርብ ወዳለው ከፍታ ነው የሚሮጠው። መስመሩን ጨርሰው ይተዉት፣ መተውዎንም ሥራውን ሲጀምሩ በስብሰባ ላይ ይናገሩ። እንዲያውም ማዶውና ወዲህኛው ቀበሌ ለአንድ ወንዝ በአንድ ወረቀት ላይ ቢቀመጡ ካርታው ይበልጥ እውነት ይሆናል።

ካርታው በኮምፒውተር ውስጥ ከቀረ አልተሠራም። መብራት ሲጠፋና የስልክ ማማው ሲወድቅ የሚነበበው ወረቀት ነው። አንድ ትልቅ ቅጂ በቀበሌው ግድግዳ፣ አነስተኛ ቅጂዎች በፕላስቲክ ተለብጠው በጤና ኬላው፣ በፖሊስ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በእድሩ ቤትና በወረዳው ይቀመጡ፤ ዞኑና ጎረቤት ወረዳው አንድ አንድ ይኑራቸው፤ የእንግዳው ረዳት መነሻ እነሱ ናቸውና። በስልክ የሚከፈት ፒዲኤፍ በቴሌግራም ለሚመለከታቸው አስቀድሞ ይድረስ። ሰሜንን የሚያሳይ ቀስት፣ የርቀት መለኪያና የተዘጋጀበት ቀን ይኑረው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የሚረዳቸው ምልክቶች ይመረጡ፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎች ስላሉም አደገኛውን ቦታ ከቀለሙ በተጨማሪ በሰረዝ ይለዩት። ከዚያ ይፈትኑት። ከሌላ ወረዳ አንድ ሠራተኛ ይጋብዙ፣ ካርታውን ብቻ ሰጥተው የአንድ ቤት ቁጥር ይንገሩት፣ ሳይጠይቅ ይድረስ። የጠፋበት ቦታ ሁሉ የካርታው ጉድለት ነው፤ ይታረማል።

በአደጋው ቀን ካርታውን የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ይመደብ። ይህ ሰው አካፋ አይዝም፣ አይሮጥም፤ የሚመጣውን ወሬ ሁሉ ከሰዓቱና ከተናጋሪው ጋር ይመዘግባል። የተፈተሸውን ቤት በአንድ ምልክት፣ ያልተፈተሸውን በሌላ፣ የተዘጋውን መንገድ በሦስተኛ ያሳያል። ሰው በጎደለበት ሰዓት አንድ ጎልማሳ ወረቀት ይዞ መቀመጡ ብዙዎችን ያስቆጣል። ያለዚያ ግን አንዱ ቤት ሦስት ጊዜ ሲፈተሽ ሌላው አንድም ሰው ሳይደርስበት ይመሻል፤ ረዳት ቡድን ከውጭ ሲደርስም የሆነውን ለማስረዳት የሚባክነው ጊዜ ከአንድ ሰው ጉልበት ይበልጣል። መዝገቡ ተጎጂው እርዳታ ሲጠይቅም ማስረጃው ነው።

የእድሳቱ ጊዜ መስከረም ነው፤ ክረምቱ የቆረጠውን መንገድ፣ የወሰደውን ድልድይና የከፈተውን ስንጥቅ ለማየት የተሻለ ወር የለም። ሰኔ ሳይገባ ደግሞ ስልክ ቁጥሮቹ እየተደወሉ ይጣሩ፤ ሰው ይዛወራል፣ ቁጥር ይቀየራል። ይህን የሚያደርገው ሰው በሥራ መደቡ ይጠቀስ፣ ሲዛወር ፋይሎቹን፣ የይለፍ ቃሉንና የቅጂዎቹን ዝርዝር ለተተኪው በፊርማ ያስረክብ። አዲሱ ቅጂ ሲታተም አሮጌው ከየግድግዳው ይሰብሰብ፣ በቁጥር ተረክበው ያስወግዱት። አንድ ቀበሌ ውስጥ የሁለት ዓመት ካርታዎች ጎን ለጎን ከተሰቀሉ፣ በጨለማ የሚመጣው እንግዳ የትኛውን እንደሚያነሳ አይታወቅም።